ተዛውረሃል፤ የት እንደሆነ ግን አይነገርም

እናንተዬ፣ እኔ አፌ ክዳን የለውም። እናቴ ነፍሷን ይማረውና፣ «አንተን ያረገዝኩ ጊዜ ከወፍጮ ቤት ሳልወጣ ከረምኩ፤ ከዚያ ነው የተጋባብህ» ትለኝ ነበር። ለእኔ ምስጢር የነገረ ሰው ነጋሪት እንዳስጎሰመ ይቆጠራል። እንዲህ ያለው ሰው በደርግ ዘመን ዳባት ከተማ ውስጥ «ምስጢር አዋቂ» ተብሎ ተፈራ፣ ተከበረ፣ በዚሁም ጦስ ያጫትን ልጅ ሊያጣ ለጥቂት ተረፈ ቢሏችሁ ታምናላችሁ? ባታምኑም እነግራችኋለሁ። ይዞ ማቆየት አልችልበትማ።

ነገሩ የጀመረው ጓድ ሽፈራው ከሴሚናር የተመለሰ ዕለት ነው። ጓድ ሽፈራው የትምህርት ጽሕፈት ቤታችን ኃላፊ ነበር። ከመሄዱ በፊት ደህና ሰው ነበር፤ ከእኛ ጋር ጠጅ ቤት ይቀመጣል፣ ይቀልዳል፣ ሞቅ ሲለው ይዘፍናል። ሴሚናሩ ላይ ምን እንዳጠጡት እንጃ፣ ሲመለስ አንገቱ ወደ ውስጥ ገብቶ፣ ድምፁ ዝቅ ብሎ፣ ግራ ቀኝ እያየ መጣ። ሰብስቦ የነገረን አንድ ነገር ብቻ ነበር።

«ጓዶች፣ ጠላት ጆሮ አለው!»

ከኋላ የተቀመጠ አንድ መምህር፣ «እኛስ ጓድ?» ቢለው፣ «እናንተ አፍ አላችሁ፤ ችግሩም እሱ ነው» ብሎ አሰናበተን።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ሁሉ ነገር ምስጢር ሆነ። መጀመሪያ የማስታወቂያ ሰሌዳው ከደጅ ተነሥቶ ጓድ ሽፈራው ቢሮ ገባ። እዚያም ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ነው ያቆመው። ማስታወቂያ መለጠፉን ግን አልተወም። ይለጥፋል፣ ሰሌዳውን መልሶ ያዞራል፣ በሩን ይቆልፋል፣ ከዚያም ወጥቶ፣ «ማስታወቂያ ወጥቷል፤ አላየሁም ማለት አይቻልም» ይለናል። ስብሰባ እንጠራለን፤ አጀንዳው አይነገርም። እጅ አውጡ እንባላለን፤ እናወጣለን። ምን እንደደገፍን ሳናውቅ በአንድ ድምፅ ደግፈን ወደ ቤታችን እንሄዳለን። አንድ ቀን እጄን እንዳወጣሁ አጠገቤ ያለውን ጓደኛዬን፣ «ምንድን ነው የወሰንነው?» አልኩት። «ዝም በል፤ ምናልባት እኔን ይሆናል» አለኝ፣ እሱም እጁን እንዳወጣ።

እኔ የማስተምረው ጂኦግራፊ ነበር። ክፍላችን ውስጥ አንድ የኢትዮጵያ ካርታ ተሰቅሎልን ነበር፤ ከርጅናው የተነሣ ቀይ ባሕር ቡናማ የሆነበት፣ ጎጃምን አይጥ የበላበት። ጓድ ሽፈራው መጣና ጠቅልሎ በብብቱ ሸጎጠው።

«ተራሮቻችን የት የት እንዳሉ ጠላት ማወቅ የለበትም።»

«ጓድ፣ ሰማዩ ሲጠራ እኮ የስሜን ተራራ ከዚሁ ከግቢያችን ይታያል።»

ወጣና እጁን ግንባሩ ላይ ጋርዶ አየው። እውነትም ይታያል። ተራራውን ጠቅልሎ መውሰድ ቢችል ያን ጊዜ ይወስደው ነበር። ትንሽ አሰበና፣ «ተማሪዎቹ ወደዚያ በኩል አትኩረው እንዳያዩ ንገራቸው» ብሎኝ ሄደ።

እስከዚህ ድረስ ያለው ለእኔ ሳቅ ነበር። ሳቄ አፌ ላይ የደረቀው ነገሩ ወደ ጎጆዬ ሲዞር ነው። በዚያ ዓመት ይታይሽን አጭቼ ነበር። ይታይሽ ደባርቅ ክሊኒክ መርፌ ወጊ ናት። የተዋወቅነው ደባርቅ ገበያ በቅሎ ረግጣኝ ነው፤ ስለ በቅሎዋ ባለቤት ለሌላ ሰው እያወራሁ ከኋላዋ ቆሜ። ክሊኒክ ወሰዱኝ። መርፌውን ይዛ ስትመጣ ዓይኔን ጨፍኜ ጮህኩ። «ገና አልነካሁህም እኮ» አለችኝ። ዓይኔን ስገልጥ አየኋት። ጨርሳ ወግታኝ ስትሄድ እንኳ አልታወቀኝም። ሽማግሌ ላክሁ፤ አባቷ መሪጌታ ጥበቡ እሺ አሉ። ሠርጉ ለጥር ተቆረጠ።

እንግዲህ በዚህ መካከል፣ ሰኔ ሊያልቅ ሲል፣ ጓድ ሽፈራው አስጠራኝ። በሩን ዘጋ። መስኮቱን ዘጋ። ከጠረጴዛው ሥር ጎንበስ ብሎ አየ። ከዚያ በጆሮዬ፣

«ተዛውረሃል» አለኝ።

«የት?»

«ጊዜው ሲደርስ ይገለጻል።»

«ጊዜው መቼ ነው የሚደርሰው?»

«እሱም ጊዜው ሲደርስ ይገለጻል።»

«እሺ ደጋ ነው ቆላ? ጋቢ ልያዝ ወይስ አጎበር?»

አሰበ፣ አሰበና፣ «እሱን ከነገርኩህ ግማሹን አገር ነገርኩህ ማለት ነው» አለኝ።

«ሊማሊሞን የሚያስወርድ ነው?» አልኩ። ከደባርቅ አልፎ ሊማሊሞን የወረደ ሰው በዚያ ዘመን ወደ ጦርነቱ ነበር የሚወርደው።

«ጓድ፣ ጥያቄህ አቅጣጫ እየያዘ ነው!»

«የምሄደው እኮ እኔ ነኝ!»

«ለዚህ ነው ላንተ የማይነገረው። አንተ አወቅህ ማለት ዳባት አወቀ ማለት ነው።»

እውነት ነዋ።

ቤት ስገባ አከራዬን እትዬ ደብሬን በር ላይ አገኘኋቸው። መዛወሬን ነገርኳቸው፤ ሁለት ቤት ሳላልፍ ለሌሎችም ነግሬ ነበር።

«ውይ ልጄን! ወዴት ነው የወሰዱህ?»

«አላውቅም እትዬ።»

ሳቁ። «ኧረ ንገረኝ።»

«እውነቴን ነው። ምስጢር ነው ብለውኛል።»

ሳቃቸው ቀስ እያለ ከፊታቸው ላይ ወረደ። «ካርታ እያስተማርክ የምትሄድበትን አላውቅም ትለኛለህ? ያንን ሁሉ ወሬ እየነገርከኝ ኖረህ ይህችን ደበቅኸኝ?» አሉና ነጠላቸውን ወደ ላይ ሰብስበው ገቡ። በማግስቱ ጠዋት ግን አይብ በትልቅ ሳህን ይዘው መጡ። እትዬ ደብሬ አይብ አምጥተውልኝ አያውቁም። አጠገቤ ቁጢጥ አሉና ድምፃቸውን ቀንሰው፣

«ያኔ ስለ ቀበሌው ሊቀመንበር 'ፊቱ ጦም ያደረ ጅብ ይመስላል' ያልኩት ለቀልድ ነው» አሉኝ።

«መቼ አሉ?»

«ጎሽ! እንዲህ ነው እንጂ! አልሰማህም፣ አይደለም?» ብለው ሳህኑን ወደ እኔ ገፋ አደረጉልኝ።

እኔ እንደሆነ እውነትም ረስቼው ነበር። እሳቸው ግን የገባቸው ሌላ ነው። እስከ ከሰዓት በኋላ ድረስ ዳባት በሙሉ ገባው። የሰዉ አስተሳሰብ ሲታይ ስሕተት አልነበረበትም። ያ ለፍላፊ መምህር፣ የራሱን የሆድ ቁርጠት ሳይቀር ለመንገደኛ የሚያወራው፣ አንድ ያልተናገረው ነገር አለ። እሱ ያልተናገረው ነገር ምን ቢከብድ ነው? እንግዲያስ ልፍለፋው ራሱ ማስመሰያ ነበር። ሰውዬው ጆሮ ጠቢ ነው!

ጠጅ ቤት ስገባ ጨዋታው እንደ ክር ይበጠሳል። አንዱ ጉሮሮውን ይጠርግና፣ «የዘንድሮው ዝናብ በጣም አብዮታዊ ነው» ይላል። ሌላው «እንዴታ!» ይላል። ከዚያ ሁሉም ብርሌውን ትክ ብሎ ያያል። ኅብረት ሱቅ የስኳር ሰልፍ ላይ ስቆም ከፊቴ ያለው ሰው ዞር ብሎ ያየኝና «ይለፉ» ይላል። ከእሱ ፊት ያለው «ይለፉ» ይላል። እየተገፋሁ መስኮቱ ጋ እደርሳለሁ። አልዋሻችሁም፣ ስኳሩን እወስድ ነበር። እጄንም ወደ ኋላ አጣምሬ ቀስ ብዬ መራመድ ጀምሬ ነበር፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ሰው ሲፈራችሁ እጃችሁ ራሱ ወደ ኋላ ይሄዳል።

ፀጉሬን ልቆረጥ የገባሁ ዕለት ግን ነገሩ ገደቡን አለፈ። ፀጉር ቆራጩ ገና ስቀመጥ ጀምሮ አብዮቱን በከፍተኛ ድምፅ ሲያወድስ፣ እጁ ሲንቀጠቀጥ፣ ሲያወድስ፣ ሲንቀጠቀጥ፣ በመጨረሻ ምላጩ የጆሮዬን ጫፍ ነካው። ጠብ አለች ደሟ። ሰውዬው ምላጩን ጥሎ ግድግዳውን ተደገፈ።

«ጆሮዎን! ወይኔ ጌታዬ፣ ከሁሉ አካል ጆሮዎን!»

«ምንም አይደለም፣ ጭረት ናት» ብለው፣ «አይ፣ የሥራ መሣሪያዎ ነው እኮ» ብሎኝ አለቀሰ።

አስቡት እንግዲህ። ሰው የማያወራኝ ሆኜ ቀረሁ። ለሌላው ሰው ይህ ዕረፍት ይሆናል፤ ለእኔ ረኃብ ነው። ከትምህርት ቤቱ አህያ ጋር ማውራት ጀመርኩ። እሷም ጆሮዋን አቁማ ሰማችኝና ዞራ ሄደች።

ይታይሽ ትናፍቀኛለች፤ መዛወሬንም ለመሪጌታ ራሴ መንገር ነበረብኝ። ያን ጊዜ ከከተማ ወደ ከተማ ለመሄድ ከቀበሌ የይለፍ ወረቀት ያስፈልጋል። ሊቀመንበሩ ዘንድ ገባሁ። (እትዬ ደብሬ አልተሳሳቱም፤ ይመስላል።)

«ወዴት ነው ጓድ?»

«ደባርቅ።»

ለረጅም ጊዜ አየኝና ፈገግ አለ። «ይሁን፣ ደባርቅ ብለን እንስጥዎት።»

«እንስጥዎት ምንድን ነው? ደባርቅ ነው የምሄደው። እጮኛዬን ልጠይቅ።»

«እጮኛ» አለ፣ ጸሐፊውን እየጠቀሰ። «ጥሩ ነው። እጮኛ ብለህ ጻፍ።»

በእህል ጭነት መኪና ጆንያ ላይ ተቀምጬ፣ ጉምና ካፊያ እየገረፈኝ ደባርቅ ገባሁ። መሪጌታ ጥበቡ በወጣትነታቸው ደረስጌ ማርያም ያገለገሉ፣ ኋላ ደባርቅ ቤት ሠርተው የተቀመጡ፣ ሲናገሩ አንድ ቃል ጥለው ሌላውን የሚያነሡ እርጋታ ያላቸው ሰው ናቸው። መዛወሬን ነገርኳቸው።

«ደግ። ልጄን ወዴት ነው የምትወስዳት?»

«አላውቅም የኔታ።»

ጢማቸውን ዳሰሱ። «አባታችን አብርሃም 'እንዘ ኢየአምር ኀበ የሐውር' ወጣ ይላል። የሚሄድበትን ሳያውቅ ወጣ። እሱን ግን የላከው እግዚአብሔር ነው። አንተን የላከህ ማነው?»

«ጓድ ሽፈራው።»

«እንግዲያስ ቆይ» አሉኝ። «ልጄ ሊማሊሞን ወርዳ ጥይት መካከል የምትገባ እንደሆነ ሳላውቅ እልል አልልም። የምትሄድበትን ስታውቅ ተመለስ።»

ቅር ብሎኝ ወጣሁ፤ ግን ምን ይባላል? አባት ናቸው። ትክክልም ናቸው። ዳባት ተመልሼ ጓድ ሽፈራውን ብለማመጠው፣ ብቆጣው፣ በር ላይ ብቀመጥበት፣ «ጊዜው አልደረሰም» ብቻ ሆነ መልሱ። በዚህ መካከል ዳባት ገበያ የወጡ የደባርቅ ሰዎች የእኔን ወሬ ከጨው ጋር ሸምተው ተመለሱ።

ለፍልሰታ ጦም መያዣ እንደገና ስሄድ መሪጌታ ከበር ወጥተው፣ ጎንበስ ብለው ተቀበሉኝ።

«ይግቡ፣ ይግቡ! አንቱን እኮ ነው የምንጠብቀው!»

ወደ ኋላዬ ዞርኩ፤ ሌላ ትልቅ ሰው የመጣ መስሎኝ። ማንም የለም። እኔን ነው። እኒያ በአባቴ ዕድሜ ያሉ ሊቅ እኔን «አንቱ» አሉኝ። ከ«አንተ» ወደ «አንቱ» የአንዲት ፊደል እግር ናት ልዩነቷ፤ እኔ ግን ተራራ የተጫነኝ መሰለኝ። ራሳቸው መቀመጫ አነጠፉልኝ። አልቀመጥም ብዬ ብግደረደር እሳቸውም ቆሙ፤ ሁለታችንም ቆመን ብዙ ቆየን።

«ያን ጊዜ ስለ አብርሃም የተናገርኩት» አሉ ላባቸውን እየጠረጉ፣ «አብርሃም ራሱ አብዮተኛ ነበር ለማለት ያህል ነው። የአባቱን ጣዖት ሰብሮ፣ ያንን አድኃሪ ሥርዓት ንዶ ነው የወጣ። ጓድ ሽፈራውንም... እንደዚሁ በአብርሃም ወገን ነው ያየኋቸው።»

«የኔታ፣ እኔ እኮ ምንም...»

«ስለ ሠርጉ አንቱ በፈቀዱት ቀን ይሁን። የሚሄዱበትንም አልጠይቅ። ልጅቱ የአንቱ ናት።»

ፈቀዱልኝ ማለት ነው። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። እኔ ግን ቶሎ ተሰናብቼ ተነሣሁ። ይታይሽ ጥግ ላይ ቆማ ሁሉን ታይ ነበር። ልትሸኘኝ እስከ መኪና መንገዱ አብራኝ ወረደች። መንገዱ ዳር ስንደርስ ቆመችና፣

«አባቴን ምን አደረግኸው?» አለችኝ።

«ምንም! እግዜር ምስክሬ ነው!»

«ዛሬ ጠዋት የገብስ ጉድጓዱን በጭድ ሲሸፍን አየሁት። ከሌባ አይደለም። ከአንተ ነው። ከአማቹ ገብስ የሚደብቅ አባት አይቼ አላውቅም።»

«ይታይሽ፣ እኔን አታውቂኝም? እኔ ምስጢር የሚያድርብኝ ሰው ነኝ?»

«አውቅሃለሁ። በመርፌ የጮህከው አንተ ነህ።» ፈገግታ ብልጭ አለባትና ወዲያው ጠፋ። «አባቴ ግን ወድዶ አይደለም የሰጠህ፤ ፈርቶ ነው። ፍርሃት የመረቀው ትዳር አልፈልግም። ሂድና የምትሄድበትን እወቅ። አውቀህ ሰው ሁሉ የሚሰማው ቦታ ላይ አስነግር። ከሊማሊሞ ወዲያም ይሁን፣ እከተልሃለሁ። የማይነገር አገር ግን አልሄድም።»

መኪናው ላይ ሆኜ እስከ ዳባት ድረስ አንድ ቃል አልተናገርኩም። ሾፌሩ ታሞ ይሆናል ብሎ ሁለት ጊዜ ዞሮ አየኝ።

በቀጥታ ወደ ጓድ ሽፈራው ቢሮ ሄድኩ። ዛሬ ወይ እሱ ይናገራል ወይ እኔ እታሰራለሁ ብዬ ነው። በሩን ሳላንኳኳ ከፈትኩ። ጓድ ሽፈራው ወለሉ ላይ ተንበርክኮ ዕቃውን በካርቶን ሲከት አገኘሁት። ሲያየኝ ብድግ አለ። በሩን ዘጋ፣ መስኮቱን ዘጋ።

«መጣህ ጓድ» አለኝ። «መምጣትህን አውቄ ነበር።»

«ጓድ ሽፈራው፣ እኔ ዛሬ...»

«እባክህ» አለኝ፣ ሁለት እጄን ያዘና። «እኔን ወዴት ነው የላካችሁኝ?»

«እነማን?»

«ይገባኛል፤ አትናገርም። ትናንት ከጎንደር ጠርተውኝ ተዛውረሃል አሉኝ። የት ብላቸው ጊዜው ሲደርስ ይገለጻል አሉኝ። ልጆች አሉኝ ወንድሜ! እናታቸው ሳንባዋን ያማታል። ሌላው ቢቀር ደጋ ነው ቆላ፣ እሱን ብቻ ንገረኝ።»

የዳባት ወሬ ዞሮ ዞሮ ጌታው ዘንድ ገብቶ ኖሯል! እኔን በምስጢር የጠቀለለኝ ሰው ራሱ፣ እኔን ከላይ የተላክሁ የምስጢር ሰው ነው ብሎ ይፈራኛል። በመጀመሪያ ሳቄ መጣ። ከዚያ ፊቱን አየሁት። ያ ጠጅ ቤት የሚዘፍነው ሽፈራው ነበር፤ ሌሊቱን ሙሉ ያልተኛ።

«እውነቴን ነው ጓድ፣ ምንም አላውቅም። እኔ ማንም አይደለሁም» አልኩት።

«ጠንካራ ነህ» አለኝ በአድናቆት። «እንዲህ ነው የምስጢር ሰው!»

ምን ታደርጉታላችሁ? «እሺ፣ መጀመሪያ የእኔን ንገረኝ» አልኩት። «ወዴት ነበር ያዛወርከኝ?»

ዓይኑን ወደ ወለሉ ጣለ። ካርቶኑ ላይ ተቀመጠ፤ ካርቶኑ ተጨረማመተ።

«ጠፋኝ» አለ።

«ምኑ?»

«ቦታው። ጎንደር ስብሰባ ላይ በቃል ነበር የተነገረን፤ መጻፍ ክልክል ነበር። ለእኔ የደረሰኝ ያንተ አንድ ቦታ ብቻ ነበረች። አውቶቡስ ላይ ሆኜ እንደ ውዳሴ ማርያም እየደጋገምኩ ይዣት መጣሁ። አምባ ጊዮርጊስ ስንደርስ የአውቶቡሱ ጎማ ፈነዳ። ተኩስ መስሎኝ ወለሉ ላይ ተኛሁ። ስነሣ የለችም።»

«እና ያንን ሁሉ ጊዜ 'ጊዜው አልደረሰም' ስትለኝ...»

«ትመጣልኛለች ብዬ ነበር።»

«ለሰው ብትነግር እኮ ያስታውስህ ነበር!»

«ለማን ልንገር? ምስጢር ነው እኮ!»

«ጎንደር ተመልሰህ አትጠይቅም?»

«ምስጢር አምነው የነገሩኝን ሰዎች ረሳሁት ልበላቸው?» አለና ፊቱን በእጁ ሸፈነ።

እንግዲህ እንዲህ ነበር ለካ። ዳባትን ያስፈራራው፣ የፀጉር ቆራጩን እንባ ያፈሰሰው፣ መሪጌታን ጎንበስ ያሰኘው ያ ትልቅ ምስጢር፣ ከጎማው ጋር ተንፍሷል። በዓለም ላይ የሚያውቀው ሰው አልነበረም። በሕይወቴ እንደዚያን ቀን ፈጥኜ አስቤ አላውቅም።

«ደባርቅ ነው» አልኩት።

ቀና አለ። «ደባርቅ?»

«ደባርቅ። እኔ ደግሞ ከላይ እንደሰማሁት።» ይህችን ውሸት እግዜር ይቅር ይበለኝ፤ ከላይ የሰማሁት የዝናቡን ድምፅ ብቻ ነው።

«ደባርቅ! አዎ! በ'ደ' ነበር የምትጀምረው!» ብሎ ተነሥቶ አቀፈኝ። እኔም በእቅፉ ውስጥ ሆኜ፣ «ከላይ የታዘዘ ሌላም ነገር አለ» አልኩት። «ሰሌዳውን ወደ ደጅ አውጥተህ ዝውውሬን በአደባባይ እንድትለጥፍበት።»

ለቀቀኝ። ፊቱ አመድ መሰለ። «ሰው... የሚያየው ቦታ ላይ?»

«ሰው የሚያየው ቦታ ላይ።»

ሰሌዳውን ከዘበኛው ጋር ተሸክሞ ሲያወጣ ዳባት ሥራ ፈታ። ሰዉ የመጣው ቀስ በቀስ ነው፤ መጀመሪያ ከሩቅ፣ ከዚያ ቀረብ እያለ፤ ማንበብም ወንጀል እንዳይሆን የፈራ ፊቱን ወደ ሌላ አዙሮ በዓይኑ ጥግ አነበበ። አንዱ ፊደል የቆጠረ ጮክ ብሎ አነበበው፤ መምህር እገሌ ከዳባት ወደ ደባርቅ ተዛውሯል። ከዚያ ከሕዝቡ መካከል አንድ ድምፅ፣

«ደባርቅ? እዚህ ጎረቤት? ለዚህ ነው ያን ሁሉ ስኳር ያሳለፍነው?»

በዚያን ቀን ጠጅ ቤት ስገባ ማንም ጨዋታውን አላቋረጠም። እንደውም የሚተርቡት እኔን ነበር። በደስታ ዓይኔ እንባ አቀረረ። እትዬ ደብሬ ሳህናቸውን ሊወስዱ መጡና፣ «አይቡንስ ከበላኸው በላኸው» ብለው ከተቆጡኝ በኋላ፣ ዞር ብለው ያለምንም ሹክሹክታ፣ «ጅብ ይመስላል ያልኩትን ደግሞ አልተውም!» አሉ። ጓድ ሽፈራው በማግስቱ ዕቃውን ጭኖ ሄደ። ወዴት እንደላኩት ሳላውቅ ቀረሁ፤ ደጋ ቢሆንለት እያልኩ አስባለሁ።

ደባርቅ ስደርስ ወሬው ቀድሞኝ ደርሶ ነበር። መሪጌታ በሩ ላይ ቆመው ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ።

«አንተ!» አሉኝ። «ልጄን እዚሁ ደጄ ላይ ልታስቀምጣት ነው ያን ሁሉ ጊዜ ያስጨነቅኸኝ? በል ጭቃውን ከጫማህ አራግፍና ግባ!»

እንደዚያ የጣመኝ ስድብ የለም። ይታይሽ ከበስተኋላቸው ቆማ አፏን በነጠላዋ ይዛ ትስቃለች። በጥር ተጋባን፤ የገብስ ጉድጓዱም ለድግሱ ተከፈተ።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ደስ ይለኝ ነበር። ግን ከተወሰኑ ዓመታት በኋላ አንድ የገበያ ቀን ደባርቅ ጠላ ቤት ተቀምጬ ሳለ፣ ከደረስጌ በኩል ገብስ ሊሸጡ ከመጡ አንድ ሽማግሌ ጋር ጨዋታ ያዝን። አስተማሪ መሆኔን ስነግራቸው ዋንጫውን አስቀመጡት።

«አስተማሪ እኮ ለእኛም መጥቶልን ነበር» አሉ። «ማለቴ ሊመጣልን ነበር። ይመጣል፣ ከዳባት ነው፣ ቤት ሥሩለት አሉን። አገሩ ወጥቶ እንጨት ቆረጠ። ሴቶቹ ጭቃውን ረገጡ። ሣር አጭደን ከደንነው። መስከረም ጠባ፤ አልመጣም። ሰውዬው ማነው፣ ስሙስ ማነው፣ ሄደን እንጠይቅ ብንል ምስጢር ነው አሉን። ልጆቹ ፊታቸውን ታጥበው ደጁ ላይ ሲጠብቁ ሰነበቱና ወደ ከብታቸው ተመለሱ። ደህና ሰው ይሁን ክፉ ሰው፣ ሞቶ ይሁን ታስሮ፣ ሳናውቅ ቀረን። አንዳንድ ቀን እናዝንለት ነበር።»

ዓመቱን ጠየቅኋቸው። ነገሩኝ። የእኔው ዓመት ነው።

ዙሪያዬን አየሁ፤ ሰው ሁሉ በየጨዋታው ነው።

«አባቴ» አልኳቸው፣ «ያ ሰውዬ እኔ ሳልሆን አልቀርም።»

ሽማግሌው አልተቆጡም። አልሳቁምም። በዱላቸው ተደግፈው ተነሡ፣ እኔንም በእጃቸው ምልክት አስነሡኝ፣ ፊት ለፊቴ ቆመው ከራሴ ጀምረው እስከ እግሬ ድረስ ረጋ ብለው ለኩኝ።

«አጭር ኖረሃል?» አሉኝ። «እኛ እኮ በሩን ለረጅም ሰው ብለን ነበር የሠራነው።»